ልምዱ እኮ ደብዳቤሽ ውስጥ አለ

ጥያቄ፦

«ሰላም ጋሼ፣ ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዕድሜዬ 27 ነው። መድኃኒት መጋዘን ውስጥ በንብረት ሠራተኛነት አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ላለፉት ሃያ ወራት ማታ ማታና በእረፍት ቀኔ ፕሮግራሚንግ ስማር ቆይቻለሁ። ፓይተንና ጃቫስክሪፕት እችላለሁ። ሰርተፊኬቶችም አሉኝ። እስካሁን 43 ቦታ አመልክቼ የጠራኝ አንድ ብቻ ነው። እሱም «የሥራ ልምድ አለሽ?» አለኝ፣ የለኝም አልኩት፣ በዚያው አለቀ። ሁሉም ማስታወቂያ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይላል። ካልቀጠሩኝ ልምዱን ከየት አመጣዋለሁ?

አንድ የማውቀው ሰው ድርጅት አለው። «ሁለት ዓመት እኔ ጋ ሠርታለች ብዬ እጽፍልሻለሁ» ብሎኛል። ሌላ ድርጅት ደግሞ «ለስድስት ወር ያለ ደመወዝ ሥሪና እናያለን» አለኝ። የትኛው ይሻለኛል? ኮዴን በማስቀምጥበት በጊትሀብ ድረ ገጼ ላይ የሥራ ዝርዝር መያዣ፣ የአየር ሁኔታ ማሳያና ካልኩሌተር አለ። መሥሪያ ቤት ደግሞ ጊዜያቸው ሊያልፍ የተቃረቡ መድኃኒቶችን የምትለይ ትንሽ ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) ጽፌ ሦስት ሰዎች ይጠቀሙባታል። እሷ ግን ከኤክሴል ፋይል የምታነብ ተራ ነገር ስለሆነች አልቆጠርኳትም።

ግራ የገባት»

መልስ፦

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ማንበብ ስጀምር የምጽፈውን መልስ ግማሹን በልቤ ጨርሼው ነበር። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ብዙ ስለሚደርሰኝ መልሱ ምላሴ ላይ ነው። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ቆም አልኩ። ተመልሼም አነበብኩት። ልምድ የለኝም ትያለሽ፤ ሦስት ሰዎች በየቀኑ የሚጠቀሙበት ፕሮግራም ደግሞ ጽፈሻል። ጉድ እኮ ነው! መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ቤቱን ሙሉ እንደሚያስስ ሰው ሆንሽብኝ።

ባለፈው ሳምንት መልሼ ጽፌ ስለዚያች ስክሪፕት ብቻ የጠየቅኩሽም ለዚሁ ነው። የነገርሽኝን ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ልድገመው።

ስክሪፕቷ ጠዋት ጠዋት መጋዘኑ ሲከፈት ትነሳለች። የዕቃ መዝገቡን ከኤክሴል ታነባለች። የአገልግሎት ጊዜያቸው ከ90 ቀን በታች የቀራቸውን መድኃኒቶች ከነባች ቁጥራቸው (አብረው ለተመረቱት ከሚሰጠው ቁጥር ጋር) ለይታ ትዘረዝራለች። ከዚያ በፊት ይህን ሥራ ሰው ነበር መደርደሪያ ለመደርደሪያ እየዞረ የሚሠራው። ስክሪፕቷ ሥራ ከጀመረች 14 ወር ሆኗታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ቀን ገና ሰባት ወር የሚቀረው መድኃኒት «ጊዜው አልፏል» ተብሎ ዝርዝሩ ላይ ወጣ። ባልደረባሽ ካርቶኑን ይዞ መጥቶ «ይቺ ነገርሽ ተሳሳተች» አለሽ። ምሽቱን ቁጭ ብለሽ ፈለግሽ። መዝገቡ ላይ የተጻፈው 03/11 ነው። አንዱ ሠራተኛ ቀኑን ያስቀድማል፣ ሌላው ወሩን። ለአንዱ ኖቬምበር 3 ነው፣ ለሌላው ማርች 11። ስክሪፕቷ ደግሞ ሁሉንም በአንድ መንገድ ታነባለች። በማግስቱ ሦስቱንም አነጋገርሽ። ቀን ሁሉ ዓመት ቀድሞ፣ ወር ቀጥሎ፣ ቀን መጨረሻ እንዲጻፍ ተስማማችሁ። ስክሪፕቷም በሌላ መንገድ የተጻፈ ቀን ስታገኝ ዝም ብላ እንዳትገምት፣ መስመሩን ጠቅሳ «ይሄን አስተካክሉ» እንድትል አደረግሻት።

ይህን ስትነግሪኝ «ያኔ በጣም አፍሬ ነበር» ብለሽ ጨመርሽበት። እኔ ደግሞ የምቀጥርሽ እዚህ ቦታ ላይ ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ። ቀጣሪ «ልምድ» ሲል ብዙ ጊዜ ራሱም በደንብ ያላሰበበትን ፍርሃት ነው የሚናገረው። ኮድ መጻፍ የሚችል ሰው ሞልቷል። የሚፈራው ሌላ ነው። የጻፈችው ነገር ሰው እጅ ላይ ሲበላሽ ምን ታደርጋለች? ትደብቃለች ወይስ ትናገራለች? ችግሩ ኮዱ ውስጥ ይሁን ዳታው ውስጥ መለየት ትችላለች? ያንኑ ስህተት ዳግም እንዳይመጣ አድርጋ ትዘጋዋለች ወይስ ለዛሬ ብቻ ለጥፋ ታልፋለች? ኮርስ ይህን አያስተምርም፤ ኮርስ ላይ የሚሰጡሽ ዳታ ታጥቦ የቀረበ ነው። አንቺ ግን የቆሸሸውን ዳታ አይተሽዋል። ደግሞም ስህተቱ በተቃራኒው ቢሆን ኖሮ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ደህና ነው ተብሎ ይወጣ እንደነበር ገብቶሻል። ይህ የገባው ጀማሪ ብዙ አላየሁም።

ሳልረሳው፣ በቀን አጻጻፍ የተቸገርሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ዓመትን የሚያስቀድመው አጻጻፍ አይኤስኦ 8601 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው)። ሰው ግን ዛሬም በየፊናው ይጽፋል። ኤክሴልማ የባሰ ነው። የሰውን ጂኖች ስም የሚያወጣው ኮሚቴ በ2020 የአንዳንድ ጂኖችን ስም እስከ መለወጥ ደርሷል። ምክንያቱም «ማርች 1» የሚባለውን ጂን ሳይንቲስቶች ኤክሴል ላይ ሲጽፉት ፕሮግራሙ የወር ስም መስሎት ወደ ቀን ይለውጥባቸው ነበር። ስለዚህ «ከኤክሴል የምታነብ ተራ ነገር» አትበይ። የዓለም ሥራ ግማሹ ኤክሴል ላይ ነው ያለው፤ ከዚያ ውስጥ በሰላም ዳታ ማውጣት ራሱ ሙያ ነው።

ሲቪሽን ክፈቺ። «የሥራ ልምድ» ከሚለው ሥር «ንብረት ሠራተኛ፣ አራት ዓመት» ብለሽ ዕቃ መረከብና ማስረከብን ዘርዝረሻል፤ ስክሪፕቷ የለችም። ከታች «ፕሮጀክቶች» በሚለው ውስጥ ደግሞ ካልኩሌተሩ አለ። ስክሪፕቷን የሥራ ልምዱ ውስጥ አስገቢያት፤ የተጻፈችው በሥራ ቦታሽ ለሥራ ነው። ለምሳሌ እንዲህ፦

«የአገልግሎት ጊዜያቸው ከ90 ቀን በታች የቀራቸውን መድኃኒቶች የሚለይ ፕሮግራም በፓይተን ጽፌ ላለፉት 14 ወራት እያሻሻልኩ አስተዳድራለሁ። ሦስት ሠራተኞች በየቀኑ ይጠቀሙበታል። ወጥ ባልሆነ የቀን አጻጻፍ ምክንያት የመጣ ስህተት አግኝቼ፣ ዳታውን ከመቀበል በፊት የሚፈትሽ ክፍል ጨምሬበታለሁ።»

እዚህ ውስጥ አንድም ውሸት የለም። የመደቡ ስም «ንብረት ሠራተኛ» ነው፤ እሱን እንዳትነኪው። የሠራሽውን ግን ሙሉ በሙሉ ጻፊ። በፊት ቆጠራው ስንት ሰዓት ይፈጅ እንደነበርና አሁን ስንት እንደሚፈጅ ካወቅሽ ቁጥሩን ጨምሪበት። ካላወቅሽ ባልደረቦችሽን ጠይቂ። ከራስሽ ግን አታውጪ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። የመሥሪያ ቤትሽን መዝገብ ጊትሀብ ላይ እንዳትጭኚው፤ አንዲትም መስመር ቢሆን። ኮዱም ለመሥሪያ ቤትሽ ሥራ የተጻፈ ስለሆነ ለሰው ከማሳየትሽ በፊት አለቃሽን በጽሑፍ አስፈቅጂ። እሺ ካሉሽ ጥሩ፤ የመድኃኒቱም የአቅራቢውም ስም የተፈጠረ የሆነ የሙከራ መዝገብ አዘጋጅተሽ ከሱ ጋር ታወጪዋለሽ። እሺ ካላሉሽ ደግሞ ያንኑ ችግር የሚፈታ ሌላ ፕሮግራም ከባዶ፣ በራስሽ ጊዜና በራስሽ ኮምፒውተር ጻፊ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እንደሚሻል አትጠራጠሪ። የይለፍ ቃል ኮድ ውስጥ ካለ ደግሞ ቀድመሽ አውጪው። አንዴ ኮሚት ካደረግሽው (ለውጡን በኮዱ ታሪክ ውስጥ ካስመዘገብሽው) በኋላ ፋይሉን ብትሰርዢውም ታሪኩ ውስጥ ተቀምጦ ይቆይሻል። ለሰው የደረሰ የይለፍ ቃል መፍትሔው መለወጥ ብቻ ነው።

ከዚያ ስክሪፕቷን ትንሽ አሳድጊያት። አዲስ ፕሮጀክት ጀምሪ አልልሽም፤ አዲስ መጀመር እኮ የጀማሪ ሁሉ በሽታ ነው። ይቺኑ ያዢያት። ከኤክሴል ያነበበችውን ወደ ዳታቤዝ አስገቢ፤ ኤስኪውላይት ይበቃሻል፤ ሰርቨር አይፈልግም፣ ሁሉም ነገር አንድ ፋይል ውስጥ ነው። ተጠቃሚ የጻፈውን ቃል እንዳለ ከኤስኪውኤል (ዳታቤዝ ከሚታዘዝበት ቋንቋ) ትእዛዝ ጋር እንዳትገጣጥሚ፤ በፓራሜትር፣ ማለትም ከትእዛዙ ለይተሽ፣ አስተላልፊው። አንድ ተንኮለኛ የመፈለጊያ ሳጥኑ ውስጥ ትእዛዝ ጽፎ ዳታቤዝሽን ሊያራቁተው የሚችለው በዚያ ቀዳዳ ነው። ጠያቂዎችም ይህን መጠየቅ ይወዳሉ። ቀጥሎ ለዚያ ለ03/11 ጣጣ ቴስት (ኮዱን የሚፈትሽ ኮድ) ጻፊለት። ግልጽ ያልሆነ ቀን ሲመጣ ፕሮግራሙ እንቢ ማለቱን የሚያረጋግጥ አሥር መስመር ቴስት ከሦስት ሰርተፊኬት ይበልጥብኛል።

ሪድሚውን (ፕሮግራሙን የሚያስተዋውቀውን ጽሑፍ) በደንብ ጻፊ። ፕሮግራሙ የማንን ችግር ይፈታል፣ እንዴት ይነሳል፣ ምን ይጎድለዋል። «ምን ይጎድለዋል» የሚለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፤ የራሱን ሥራ ጉድለት የሚያውቅ ሰው አብሮ ለመሥራት አይከብድም። ኮሚቶችሽም «ለውጥ»፣ «ለውጥ 2»፣ «አሁንስ ሠራ» እንዳይሉ። ምን እንደለወጥሽና ለምን እንደለወጥሽ በአንድ መስመር ይጻፍ። በነገራችን ላይ የኮድ ለውጥ የሚመዘግበውን ጊትን በ2005 የጻፈው ሊነስ ቶርቫልድስ፣ ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት በ1991 ሲጀምር የ21 ዓመት ተማሪ ነበር። የሥራ ልምድ ማስረጃ ማን ጠየቀው? እርግጥ ነው፣ አንቺም እኔም እሱን አይደለንም።

የአየር ሁኔታ ማሳያውንና ካልኩሌተሩን ደብቂያቸው። ስትማሪ ጠቅመውሻል። ነገር ግን መልማይ በቀን ውስጥ ያንኑ የአየር ሁኔታ ማሳያ ደጋግሞ ያያል። ከሁሉም ኮርስ የሚወጣው እሱ ነውና። ያንቺን ጥሩ ሥራ ከመሀሉ ፈልጎ የሚያወጣበት ትዕግሥት የለውም።

ወደ ሁለቱ ጥያቄዎችሽ ልምጣ። መጀመሪያ የሐሰቱ ደብዳቤ።

ተዪው። ስለ ሥነ ምግባር አልሰብክሽም፤ ልቤ የሚያውቀውን አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቃለ መጠይቅ ላይ በጠያቂነት ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። አንድ ወጣት ገባ። ወረቀቱ ሁለት ዓመት ሠርቷል ይላል። ነገር ለማጫወት ያህል «ኮድህን ማን ያይልህ ነበር?» አልኩት። «ሁላችንም... እንተያይ ነበር» አለ። «ወደ ሰርቨር የምትጭኑትስ እንዴት ነበር?» «እሱን ሌላ ልጅ ነበር የሚሠራው።» «እሺ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ በጣም ያስደነገጠህ ብልሽት የቱ ነው?» ዝም። ላብ። ውሃውን አንስቶ ጠጣ። የሠራ ሰው ይህን ጥያቄ ስትጠይቂው ዓይኑ ይበራል፤ ማስቆም ነው የሚከብደው። የሚያሳዝነው ቀጥሎ ያለው ነው። በተግባር ፈተናው ከሁሉም ሁለተኛ የወጣው ይኸው ልጅ ነበር። ልምድ የለኝም ብሎ ቢመጣ ኖሮ እንወስደው ነበር። ስለ ወረቀቱ ስንጠራጠር ግን ስለ ፈተናውም ተጠራጠርን።

አንቺ ደግሞ የባሰ ነገር ይገጥምሻል። የሐሰቱን ሁለት ዓመት ስታወሪ፣ እውነተኛውን 14 ወር የምታወሪበት ጊዜ ያልቃል።

ያለ ደመወዝ የሚለው ላይ ሳልቸኩል ልንገርሽ፤ ሁሉም አንድ አይደለም። ትርፍ የሚያገኝ ድርጅት ለስድስት ወር በነፃ አሠርቶ «እናያለን» ካለሽ፣ የሚያየው ነገር የለም። ስድስት ወር ሲያልቅ ሌላ ጀማሪ ያስገባል። ለማረጋገጥ ከፈለግሽ ሁለት ጥያቄ ጠይቂያቸው። ኮዴን ማን ይገመግምልኛል? በስድስት ወር ውስጥ ምን ሠርቼ እጨርሳለሁ? የሰው ስምና የሥራ ስም ካልሰጡሽ አመስግነሽ ውጪ። ደግሞ አሁን ደመወዝ አለሽ። እሱን ለቅቀሽ ወደ ነፃ ሥራ አትግቢ፤ ችግር ሲጠና ሰው የማይሆን ነገር ይፈርማል።

ለበጎ አድራጎት ማኅበር ወይም ለምታውቂው ትንሽ ድርጅት አንድ ተለይቶ የታወቀ ሥራ በሁለትና በሦስት ሳምንት ሠርቶ ማስረከብ ግን ሌላ ነገር ነው። መጨረሻው የታወቀ ይሁን፣ ኮዱን ለማሳየት ፈቃድ ይስጡሽ፣ ሲያልቅ አጭር ምስክርነት ይጻፉልሽ። እንዲያውም ትንሽ አስከፍይ። የከፈለ ሰው ይጠቀምበታል፤ ተጠቅሞ ደግሞ ይነዘንዝሻል። ንዝንዙ ነው የሚያስተምርሽ።

ለክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶች (ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ለሆነ) አስተዋጽኦ ማድረግም ይነገርሻል። ጥሩ ነው፤ ግን ብዙዎች የሰዋሰው ስህተት አርመው ያቆማሉ። አንቺ ራስሽ ከምትጠቀሚበት ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ካዘጋጁት ኮድ) ጀምሪ፤ ኤክሴል ከምታነቢበት ለምሳሌ። ለጀማሪ የሚሆኑ ሥራዎች ምልክት ይደረግባቸዋል። እየተከፈለሽ መማር ከፈለግሽ ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። ጉግል ሰመር ኦቭ ኮድ ከ2005 ጀምሮ አለ፤ በፊት ለተማሪ ብቻ ነበር፣ ከ2022 ወዲህ ግን ተማሪ ላልሆኑ ጀማሪዎችም ክፍት ነው። አውትሪቺ ደግሞ በዓመት ሁለት ዙር ይቀበላል። ሁለቱም ውድድር አላቸው፤ ማመልከቻው ከመከፈቱ በፊት ገብተሽ ከሰዎቹ ጋር መተዋወቅ ይጠቅምሻል።

አሁን ስለ 43ቱ ማመልከቻዎች። አንድ ዓይነት ሲቪ 43 ጊዜ ልከሻል፤ ያው አንድ ሙከራ ደጋገምሽ ማለት ነው። ለሚቀጥሉት አሥር ብቻ አዲሱን ሲቪ ላኪና ተመልከቺ። ጭራሽ የሚጠራሽ ከሌለ ችግሩ ወረቀቱ ላይ ወይም የምታመለክችበት ቦታ ላይ ነው። እየተጠራሽ ፈተና ላይ ከወደቅሽ ልምምድ ነው የጎደለሽ። ፈተናውን አልፈሽ መጨረሻው ላይ ከቀረሽ አነጋገርሽን እናያለን። ባግ (የኮድ ስህተት) ስትፈልጊ የምታደርጊውን እዚህም አድርጊው፤ የት ላይ እንደሚሰበር ሳታውቂ ሁሉንም አትቀያይሪ።

«ሁለት ዓመት» የሚለውን ደግሞ እንደ ሕግ አታንብቢው። ብዙ ጊዜ ካለፈው ማስታወቂያ የተገለበጠ ነው። ከተዘረዘረው ግማሹን የምትችዪ ከሆነ አመልክቺ። «አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ» ሲል ግን የእውነቱን ነው፤ ጊዜሽን አታባክኚ።

የምታመለክችበት ቦታ ያልኩሽ ያለ ምክንያት አይደለም። 43ቱን ስም ልከሽልኝ አየኋቸው፤ ሁሉም ሶፍትዌር ድርጅቶች ናቸው፣ ሁሉም ጁኒየር ፕሮግራመር ይፈልጋሉ። እዚያ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ካጠገብሽ የቆመውም ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ ነው። አንቺ ግን እሱ የሌለው ነገር አለሽ። የዕቃ አወጣጥ ደንቡ «ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ» ሳይሆን «ቀድሞ ጊዜው የሚያልፍ ቀድሞ ይውጣ» የሆነበትን ምክንያት ታውቂያለሽ። አንድ ባች ተመላሽ ይደረግ ሲባል መጋዘን ውስጥ ምን ዓይነት ግርግር እንደሚነሳ ታውቂያለሽ። ለሆስፒታል፣ ለመድኃኒት አከፋፋይ፣ ለመጋዘን ሶፍትዌር የሚሠሩ ድርጅቶች ይህን ለአዲስ ፕሮግራመር ለማስረዳት ወራት ይፈጅባቸዋል። ለእነሱ ጻፊ። ፕሮግራመር ባይፈልጉ እንኳ ደንበኛ የሚረዳ ወይም ሶፍትዌር የሚፈትሽ ሰው ይፈልጉ ይሆናል፤ ከዚያ ወደ ኮዱ መሻገር ከውጭ ከመግባት ይቀላል። ብቻ ስትገቢ «ወደ ፕሮግራሚንግ ማደግ እፈልጋለሁ» በያቸው፤ ፊታቸውን እይው።

አሁን ያለሽበት መሥሪያ ቤትስ? አለቃሽ ጋ ገብተሽ «ስክሪፕቷን መጠበቅ የሥራ ዝርዝሬ ላይ ይጻፍልኝ» ማለት ትችያለሽ። ምንም አያስወጣቸውም። ላንቺ ግን ማኅተም ያለው ማስረጃ ነው፤ ያውም እውነተኛ።

ስለ ቃለ መጠይቅ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ሦስት ነገር ብቻ። ስታስቢ ድምፅሽን አውጥተሽ አስቢ። ዝም ብሎ አሥር ደቂቃ ሰሌዳ ላይ ያፈጠጠ ሰው ትክክል ቢመልስም ምን እንደሚያስብ አላወቅኩለትም። ቀላሏን አትናቂያት። ከ1 እስከ 100 ቁጠሪ፣ ለ3 የሚካፈለውን «ፊዝ»፣ ለ5 የሚካፈለውን «በዝ»፣ ለሁለቱም የሚካፈለውን «ፊዝበዝ» በይ የምትለዋን ፈተና ስንቱ ባለ ዲግሪ ይሳሳታታል። ቁጥሩ ለሁለቱም መካፈሉን ሳታጣሪ ለ3 መካፈሉን ካስቀደምሽ 15 ላይ ትወድቂያለሽ። ሦስተኛ፣ የማታውቂውን አላውቅም በይ፤ ግን እዚያ ላይ አታቁሚ። «አላውቅም፤ እንዲህ አድርጌ እፈልገዋለሁ» በይ።

«የሥራ ልምድ አለሽ?» ሲሉሽስ? ባለፈው «የለኝም» ብለሽ ነገሩን ዘጋሽው። አሁን እንዲህ በይ፦ «በፕሮግራመር መደብ አልተቀጠርኩም። በሥራ ቦታዬ ግን ሦስት ሰዎች በየቀኑ የሚጠቀሙበት ፕሮግራም ጽፌ 14 ወር አስተዳድሬያለሁ። አንድ ቀን ምን እንደገጠመኝ ልንገራችሁ?» እሺ ይሉሻል። የ03/11ን ነገር አውሪያቸው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቤትሽ ሆነሽ ድምፅሽን እየቀዳሽ ተለማመጂው፤ መጀመሪያ ስትሰሚው ታፍሪያለሽ፣ በሦስተኛው ይስተካከላል።

ደብቄሽ የማላልፈው ነገር አለ፤ ጊዜው ለጀማሪ ከባድ ነው። በኖቬምበር 2022 የፌስቡክ ባለቤት ሜታ 11,000 ሠራተኛ አሰናበተ፤ በጃንዋሪ 2023 ጉግል 12,000። ትልልቆቹ ሲያሰናብቱ ልምድ ያለው ሰው ገበያው ላይ ይበዛና የጀማሪው ወንበር ይጠባል። ሲጠይቁት ኮድ የሚጽፈው ቻትጂፒቲም የወጣው በዚያው በኖቬምበር 2022 ነው። ዛሬ ካልኩሌተሩንም የአየር ሁኔታ ማሳያውንም በአንድ ደቂቃ ይጽፋል። ለዚህም ነው ደብቂያቸው ያልኩሽ። ተጠቀሚበት፣ አልከለክልሽም፤ እኔም እጠቀማለሁ። ለፈተና ቤት ወስደሽ በምትሠሪው ኮድ ውስጥ ግን ማስረዳት የማትችዪው አንድ መስመር እንኳ አይኑር። ደንቡ ከከለከለ ደግሞ አትንኪው። «ይሄን ለምን እንዲህ አደረግሽው?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ «እሱ ነው የጻፈልኝ» መልስ አይሆንም።

ስንት ጊዜ ይፈጅብኛል ትዪኝ ይሆናል። ስክሪፕቷን ለማስተካከል ማታ ማታ ብትሠሪ ስድስት ሳምንት ያህል እገምታለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም አላውቅልሽም፤ የማውቀው የሚጠሩሽ ሰዎች እንደሚበዙ ነው።

ስትጨርሺ ሊንኩን ላኪልኝ፤ ሪድሚውን አነባለሁ፣ ቴስቱንም አስነስቼ አያለሁ። እስከዚያው ግን አንድ ነገር ዛሬውኑ አድርጊልኝ። የፋይሉን ስም ስትነግሪኝ «ቼክ_አዲስ_የመጨረሻ2» አልሽኝ። እባክሽ ቀይሪው።